ሁለት ሳጥን የማይበቃው ስም

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአፌ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ግን ራሴን ትንሽ ትንሽ እያሳመርኩ መጥቼ መጨረሻ ላይ ጀግና ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እንደነበረው ልጻፍላችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ስሜ ሪድዋን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፤ አባቴ የሐርጌሳ ሰው፣ እናቴ የድሬ ልጅ። ሐርጌሳ ሰላም አግኝታ ከፍርስራሿ መነሳት ስትጀምር አባቴ “በቃ፣ አገሬ ልግባ” አለና እኛንም ጠቅልሎ ይዞን ገባ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አማርኛዬ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ እንግሊዝኛዬም አያሳፍርም፤ ሶማልኛዬ ግን የድሬ ገበያ ሶማልኛ ስለነበር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰፈሩ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ አቦ!

የዚያን ዘመኗን ሐርጌሳ ባያችኋት! ከተማው ሙሉ መዶሻ ነበር። ከፈጅር ሶላት በኋላ የጀመረ የቆርቆሮ ድምፅ እስከ መግሪብ አያባራም። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሌለው ቤት የትም ነው፤ እኛም 26 ጁን ሰፈር የተከራየነው ቤት ሦስት ክፍል ሲኖረው ጣሪያ የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ልብስ ማስጫችን ነበር። የአንድ ሰው ጣሪያ ሲያልቅ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ይሄዳል፣ ሻይ በወተት ይጠጣል፣ ዱዓ ይደረጋል። ዛሬ በየቦታው ፎቅ ሳይ ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁ ግን የሚናፍቀኝ ያ የመዶሻ ድምፅ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ናይሮቢ ያለ አንድ የትምህርት ፕሮጀክት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የታሪክ መማሪያ እያዘጋጀ ኖሮ፣ ረቂቁን እያነበቡ አስተያየት የሚሰጡ ተማሪዎች በትርፍ ሰዓት ይፈልጋል። መሄድ የለም፣ ቢሮ የለም፤ ሁሉም በኢሜይል ነው። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያዬን የሚሸፍንልኝ ይህ ሥራ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዋሄን ገበያ፣ ከገንዘብ መንዛሪዎቹ ጀርባ ባለች ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ረቂቁን አሳትማለሁ። ቤት ወስጄ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ አብሮ የሚላክልኝን የአስተያየት ፎርም ሞልቼ እልካለሁ። አለቃዬ ናይሮቢ የምትሠራ፣ ጽዮን የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ነበረች። መልኳን አይቼው አላውቅም። አማርኛ በላቲን ፊደል እየጻፈች ስለምትልክልኝ፣ ምን እንዳለች ለመረዳት ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝና የኢንተርኔት ቤቱ ደንበኞች የሚጸልይ ሰው ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ያኔ እግሬ መሬት አይነካም። ጓደኞቼ “ምን ትሠራለህ?” ሲሉኝ “ታሪክ አርማለሁ” እላቸዋለሁ። “እንግዲህ የእኛንም አርምልን!” ይሉኛል።

ግቢያችንን ከጎረቤታችን ከአደር አህመድ ግቢ የሚለየው የእሾህ አጥር ብቻ ነበር። “አደር” አጎት ማለት ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥህን ወንድ ሁሉ እንዲያ ትለዋለህ። አደር አህመድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በስደት ዘመናቸው መጀመሪያ ካምፕ፣ በኋላም ድሬዳዋ ኖረው አማርኛ ተምረዋል። ማታ ማታ ከአጥሩ ማዶ “ሪድዋን! ና አማርኛችን ሳይዝግ እናውራ!” ይሉኛል። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሆዳን ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ረቡዕ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሆዳን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። ለቅሶዋ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ አደር አህመድ ጠሩኝ። በእጃቸው የተጨማደደ ፎቶ ኮፒ ይዘዋል።

“እስቲ አንተ የተማርከው፣ ይህ ወረቀት ምን እንደሚል አንብብልኝ። ልጆቹ ሆዳንን ‘የቁልፉ ሰውዬ ልጅ’ ይሏታል። ከበርሜል ውሃ ልትቀዳ ስትሰለፍ ‘መጀመሪያ ቁልፉን አምጪ’ ብለው ገፈተሯት።”

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳየው ክው አልኩ። የእኔው ትምህርት ነው! ከሁለት ወር በፊት አርሜ የላክሁት፤ ለሙከራ በከተማው ሁለት ትምህርት ቤቶች ተባዝቶ ኖሯል። በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፏል። ከተማዋ በቦምብ ስትመታ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ስለሸሸበት መንገድ ያወራል። መንገድ ላይ አንድ ቢርካ ነበር፤ ቢርካ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተገነባ ጉድጓድ ነው። የቢርካው ጠባቂ በሩን ቆልፎ ሰዎቹን ውሃ ከለከላቸው፤ በጥም የሞቱ ነበሩ። የጠባቂውም ስም አህመድ አብዲ ነው ይላል።

የአደር አህመድ ሙሉ ስም አህመድ አብዲ ነው።

“ሌላ ሰው ነው አደር” አልኩ። “የስም መመሳሰል ነው።”

“እሱንማ አውቃለሁ” አሉኝ። “እኔ የጠየቅኩህ ወረቀቱ ለምን እኔን እንደሚመስል ነው።”

እስቲ የሠራሁትን ስሙት። ረቂቁ ከሽማግሌዎች በቴፕ ከተቀዳ ቃል የተወሰደ ነበር። በቀረጻው የጠባቂው ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነቅጽል ስሙ ተጠርቷል። የእኔ ፎርም ደግሞ በትምህርቱ ለሚጠራ ሰው ስም ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። እኔን ይህ ምንም አልከበደኝም፤ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው የራስና የአባት ስም ካለው ሌላ ምን ያስፈልገዋል? አያትየውን ሰረዝኩ። ቅጽል ስሙ “አንድ ዓይናው” የሚል ነበር። ፎርሙ ላይ “የአካል ጉዳተኞችን ክብር ይጠብቃል ወይ?” የሚል ጥያቄ ስለነበረ እሱንም በቀይ ሰረዝኩና በኅዳጉ ላይ “ሰውን በጉዳቱ መጥራት ነውር ነው” ብዬ ጻፍኩ። ጽዮን “ጎበዝ!” ብላ መለሰችልኝ። በሐርጌሳ ግን አያትና ቅጽል ስም ጌጥ አይደሉም። ገበያ መሐል ቆማችሁ “አህመድ አብዲ!” ብላችሁ ብትጣሩ የሚዞረው ሰው ብዛቱ! የትኛው እንደሆነ የሚለየው እኔ በሰረዝኩት ነው።

ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ። ግን አልተናገርኩም። ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋቸውና ትምህርት አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ ቤት ሄጄ ናይሮቢ ደወልኩ። የጽዮንን ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ልጅ ነበረች። የሆነውን ነገርኳት።

“ወይኔ ሪድዋን!” አለች። “ሰኞ ጠዋት እኮ ማተሚያ ቤት ይገባል። እኔ የመጨረሻውን ቅጂ የምዘጋው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። በቃ፣ ስሙን አወጣዋለሁ፤ ‘አንድ ጠባቂ’ ይሁን። አለቀ።”

አለቀ! ከዋሄን እስከ ቤት እያፏጨሁ ተመለስኩ። ስሙ ወጣ፣ መጽሐፉ ተስተካከለ፣ እኔም ማን እንደሰረዘው ሳይታወቅ ተረፍኩ ብዬ አሰብኩ።

ግቢ ስገባ አደር አህመድ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ነጭ ሸሚዛቸውን ይተኩሳሉ። ሐሙስ ነው፤ ጁምዓ ነገ ነው።

“ለጁምዓ ነው አደር?”

“አይ፣ ለቅዳሜ ነው። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ቁርዓን ይዤ ልጆቹ ፊት እምላለሁ።”

“ይምላሉ? ባላደረጉት ነገር?”

“ሌላ ምን አለኝ? ስሜ የተሰበረው እነሱ ፊት ነው። እዚያው መጠገን አለበት።”

“ስሙ እኮ ከመጽሐፉ ይወጣል፤ ሰምቻለሁ።”

መተኰሻውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። “ከመጽሐፉ ቢወጣስ፣ ከልጆቹ ጆሮ ማን ያወጣዋል? ጭራሽ ‘ሽማግሌው ደብቆ አስወጣው’ ይላሉ።”

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው፣ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ምክንያት፣ ቁርዓን ይዘው በሕፃናት ፊት ሊቆሙ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

“አደር፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ስለ ሥራው፣ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ሳጥኖቹ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ትላንት መደበቄንም ነገርኳቸው።

እንዲሰድቡኝ ተመኘሁ። እሳቸው ግን ምን አሉኝ መሰላችሁ?

“ሳጥኑ ስንት ነው ያልከኝ?”

“ሁለት።”

“እስቲ አባቶችህን ቁጠርልኝ።”

ሶማሌ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ የአባቶቹን ስም እስከ አሥር፣ እስከ አሥራ አምስት ይቆጥራል። እኔ ራሴን ብዬ፣ አባቴን ብዬ፣ አያቴን ብዬ ቆምኩ። ከአጥሩ ኋላ ሆዳን ኪኪኪ ብላ ሳቀች፤ ከረቡዕ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

“አየህ” አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም። “ተንኰል የለብህም። ሁለት የሚበቃ መስሎህ ነው።” ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። “ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ ቢርካ ነበርኩ። ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ጠባቂውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ለምኜዋለሁም። ኡባህ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፤ ስድስት ዓመቷ። እናቷ ጀርባ ላይ ሆና እዚያው በሩ ላይ ሞተች።”

አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ውሃ ለምነው ልጃቸውን የቀበሩትን ሰው፣ ውሃ የከለከሉት እሳቸው ናቸው ብዬ ለልጆች ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ምን ልበል? “የጠባቂውን ሙሉ ስም መልሼ ላስገባው?” አልኳቸው።

“እሱ ሞቷል። ልጆቹ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ጣሪያ እየሠሩ ነው። የልጅ ልጆቹም እንደ ሆዳን ደብተር ይዘው ይማራሉ። የእሱን ተወው። የኡባህን ጻፍልኝ፤ እስከ አያቷ አባት፣ ሙሉውን። ቅዳሜ ደግሞ አብረኸኝ ትመጣለህ። እኔ አልምልም፣ አንተ ትናገራለህ።”

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወልኩ። የኡባህን ታሪክ ለጽዮን ነገርኳት፣ ስሟ እንዲገባም ጠየቅኳት። “ሪድዋን፣ ታሪኩ አንጀቴን በልቶታል” አለችኝ፤ “ግን ደንቡን ታውቀዋለህ። አዲስ ስም የሚገባው ከቤተሰብ ውጭ ሁለት የዓይን ምስክር ሲኖር ነው። አንተ ራስህ ስንቱን ‘ምንጭ የለውም’ ብለህ ጥለሃል! እስከ ቅዳሜ ቀትር ካላመጣህልኝ አላስገባውም።”

እውነቷን ነበር። ስንት የእናትና የአባት ቃል በዚያ ምልክት እንደጣልኩ ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አደር አህመድ ወደ ዋሄን ይዘውኝ ሄዱ። ገበያው ግማሹ ዝግ ነው። የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ስንደርስ አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ገና ከሩቅ ተነሱ፤ ኢዶ ሳፊያ ይባላሉ፣ “ኢዶ” አክስት ማለት ነው። አደር አህመድ ነገሩን ሲነግሯቸው ሴትየዋ እኔን ከእግር እስከ ራሴ ገረመሙኝ።

“ስም የምትቆርጠው አንተ ነህ?”

“አዎ፣ ኢዶ።”

“ሱብሓነላህ! እናትህ ምን በልታ ነው የወለደችህ?” ካሉ በኋላ ከወተት ዕቃቸው ጎን አስቀመጡኝ። “ጻፍ። ኡባህን ለቀብር ያጠብኳት እኔ ነኝ። ውሃ ስላልነበረ በአሸዋ ነው ያጠብኳት፤ ተየሙም አደረግንላት። ይህንንም ጻፍ።”

ጻፍኩ። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ በዝናብ ዓመታት ቆጠሩልኝ፤ ስማቸውን ሲነግሩኝ ስድስት ትውልድ ደረሱ፣ አንዱንም አልዘለልኩም። አንድ ምስክር ተገኘ። ሁለተኛው አልተገኘም። እስከ ምሽት ሦስት ቤት አንኳኳን፤ አንዱ ሌላ መንገድ ነበር የሄደው፣ አንዷ ቢርካውን ታስታውሳለች እንጂ ልጅቷን አላየችም፣ አንዱ ጅዳ ሄዷል።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሆዳን ክፍል ውስጥ ቆምኩ። መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መምህሩ ሰላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ወጣት ነው። በድሬ ሶማልኛዬ “አሰላሙ አለይኩም” ስል ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው ሳቁብኝ። እስኪበቃቸው ጠበቅሁ።

“የቢርካውን ትምህርት ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው። “የሰውዬውን አያት ሰረዝኩ፣ ቅጽል ስሙን ሰረዝኩ። ሁለት አህመድ አብዲ አንድ ሰው ሆኑ። የሆዳን አያት በሩን የቆለፉት ሰውዬ አይደሉም። በሩ ውጭ ቆመው ውሃ ከለመኑት አንዱ ናቸው።”

ሳቁ ጠፋ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። “ታዲያ የቆለፈው የትኛው አህመድ አብዲ ነው? አያቱ ማን ነው?”

አደር አህመድን አየኋቸው። በነጭ ሸሚዛቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው ተነሱ።

“እሱ አላህ ፊት ደርሷል” አሉ። “የእሱን ቤተሰብ ነግሬህ ነገ ሌላ ልጅ ከበርሜሉ እንድትገፈትርልኝ አልፈልግም። ስም ከፈለግህ ይኸውልህ፦ ኡባህ አህመድ አብዲ ሮብሌ። ዕድሜዋ ካንተ ያንሳል። ብጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር።”

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። ፊቱ ተለዋውጧል።

“ብጫ፤ ኪሱ ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው?” አለ።

አደር አህመድ ወደ መምህሩ ዞሩ። “እኔ ነኝ የሰፋሁት” አሉ።

“አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር” አለ መምህሩ። “ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። መቃብሩን ሲቆፍሩ ድንጋይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህን ትምህርት ሦስት ሳምንት ሳስተምር ልጅቷን እያሰብኩ ነበር፤ ስሟን ግን አላውቀውም ነበር።”

እንዲህ ያለ መገጣጠም ልብ ወለድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ሐርጌሳን አታውቋትም። በዚያ መንገድ ያልሄደ ጥቂት ነው። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ቃሉን ቆሜ ጻፍኩ፣ አስፈረምኩና ሮጥኩ። ኢንተርኔት ቤት ስደርስ ጀኔሬተሩ ቆሟል፤ ባለቤቱ ነዳጅ ሊገዛ ሄዷል። አምስት ሰዓት ተኩል! ስልክ ቤት ገባሁና ለጽዮን የሁለቱንም ምስክር ቃል በአማርኛ እየተረጎምኩ፣ በየፊደሉ እያስጻፍኩ አነበብኩላት። ስጨርስ ላቤ ጠብ ይላል።

“አራቱንም ስም አስገብቻለሁ” አለች። “መስመሩ ትንሽ ረዘመ። ይርዘም።”

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ድሮም ሰምቼ ነበር፤ እንደ ተረት ሰምቼ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ከሰው ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ሳወጣ እጄ ይከብደኛል። ሥራውን አልተውኩም፤ ጽዮንም ፎርሙን ለወጠችው። ዛሬም ድሬዳዋ ሆኜ መጻሕፍት በማረም እኖራለሁ። ወጣቶች ሲመጡ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ከመሰረዛችሁ በፊት፣ የምትሰርዙት ቃል ማንን ከማን እንደሚለይ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። እኔ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ያቺ ልጅ ባላለቀሰች። አላህ ይማራቸውና አደር አህመድ ብዙ ዓመት ሆናቸው ካለፉ፤ ሲቆጡኝ ሰምቻቸው አላውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጽሐፉ ከወራት በኋላ ታትሞ መጣ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ ግቢያቸው ገባሁ። ሆዳንም መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ገጹን ገልጬ አነበብኩላቸው፦ “በቢርካው በር በውሃ ጥም ከሞቱት አንዷ ኡባህ አህመድ አብዲ ሮብሌ ናት። ስድስት ዓመቷ ነበር።”

“ድገመው” አሉኝ። ደገምኩት። “ድገመው።” ሦስተኛ አነበብኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና በድንገት “እናቷስ?” አሉ። “ሦስት ቀን ያዘለቻት እናቷ የታለች?”

ሁላችንም ረስተናት ነበር። እኔ ረሳሁ፣ ጽዮን ረሳች፣ ምስክሮቹም። እሳቸው ራሳቸው አራት ስም ሲቆጥሩልኝ የቆጠሩት ወንዶችን ብቻ ነው። የኡባህ እናት በኋላ ካምፕ ውስጥ የሞተችው ሚስታቸው ናት። “እኔም” አሉ በሹክሹክታ፣ “እኔም ሰረዝኳት።”

በጆሯቸው ላይ የሰኩትን የልብስ ሰፊ እርሳስ አወጡ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከመስመሩ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ በዓረብኛ ፊደል ቀስ እያሉ ጻፉ፦ ካድራ ኑር ዋርሳሜ። ከዚያ ዘግተው ለሆዳን ሰጧት።

“ነገ ለመምህርሽ አሳዪው” አሏት፤ “አንድ ስም ቀርቶ ነበር በዪው።”